ከጅማ ሆኖ ጌም መሥራት፦ ጌሙ እስኪያልቅ ድረስ በምን ይኖራል?

ሲራራ ነጋዴ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። እዚሁ ጅማ ሦስት ሆነን የኮምፒውተር ጌም እየሠራን ነው። ሁለታችን ኮድ እንጽፋለን፣ አንዲት እህታችን ሥዕሉን ትሠራለች። ጌሙ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሕርማታ ገበያ ተነሥቶ ግቤን ስለሚሻገር የሲራራ ነጋዴ ነው። ተጫዋቹ ሲሄድ ቡናና ዝባድ ይጭናል፣ ሲመለስ አሞሌ ጨው ያመጣል፣ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፣ በቅሎው ስትደክም ከጭነቱ የትኛውን ጥሎ የትኛውን እንደሚያተርፍ ይወስናል።

ዛሬ ግን ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ገንዘቡ መነጋገር እፈልጋለሁ። ጌም ሠሪዎች ስንገናኝ ስለ ኮድና ስለ ሥዕል ሌሊቱን ሙሉ ብናወራ አይሰለቸንም። የቤት ኪራይ በምን እንደምንከፍል ግን እርስ በርስ እንኳ አንጠያየቅም። እስቲ በቁጥር ልናገር።

ለስሌት ያህል ጌሙን የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት በሚሸጥበት በስቲም በ5 ዶላር እንሸጣለን እንበል። 1,000 ቅጂ ተሸጠ፤ ግማሹ በሙሉ ዋጋ፣ ግማሹ ዋጋው በግማሽ በተቀነሰበት ሰሞን። ጠቅላላው 3,750 ዶላር ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ 30 በመቶውን ይወስዳል፣ 2,625 ይቀራል። ከዚህ ሽያጭ 40 በመቶው አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት ከዚያ ድርሻ ላይ ሌላ 30 በመቶ ለአሜሪካ መንግሥት ይቆረጣል። ይህም 315 ዶላር ነው። የሚተርፈን 2,310 ዶላር ይሆናል። የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የየአገሩን የሽያጭ ታክስና ሐሳባቸውን ቀይረው ገንዘባቸው የሚመለስላቸውን ገዢዎች ገና አልቀነስኩም። ይህ ለሦስት ሰው፣ ለሁለት ዓመት ሥራ ሲካፈል ለአንድ ሰው በወር 32 ዶላር ይደርሰዋል። ስሙ ለማይታወቅ ቡድን ደግሞ 1,000 ቅጂ መሸጥ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

«ጌማችሁ ጥሩ ከሆነ ገንዘቡ ይመጣል» የሚሉን ብዙዎች ናቸው። በዙሪያዬ ያየኋቸው ጌሞች ግን ወጥተው ሳይሸጡ የቀሩ አይደሉም፤ ጭራሹን ሳይወጡ የቀሩ ናቸው። የሠሪው ቁጠባ ከጌሙ ቀድሞ ያልቃል። አንዱ ሥራ ያገኛል፣ አንዷ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ፋይሉ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ጌሙ እስኪያልቅ ድረስ በምን ትኖራላችሁ?

የቦሳ ልጅ

ወንድሜ፣ በስልክ ጌም ለምን አትጀምሩም? ለጉግል ፕሌይ የሚከፈለው አንድ ጊዜ 25 ዶላር ብቻ ነው። ጌሙን በነጻ ልቀቁት፣ ማስታወቂያ አስገቡበት። እዚህ አገር ኮምፒውተር ያለው ስንት ነው? ስልክ ግን ሁሉም እጅ ላይ አለ።

ሲራራ ነጋዴ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሞክረነዋልም። ከዚህ በፊት አንዲት ትንሽ የቃላት ጌም በስልክ አውጥተናል። ማስታወቂያ የሚከፍለው እንደ ተመልካቹ አገር ነው፤ ጅማና አጋሮ ያለ ሰው የሚያየው ማስታወቂያ አሜሪካ ያለው ከሚያየው ጋር ዋጋው አይገናኝም። ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል የአድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይልካል። እዚህ ፖስተኛ በር አያንኳኳም፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋል። የእኛ ደብዳቤ የመጣው በአጎቴ ሱቅ ሣጥን ነው። ጠርዙ ተቀዶ የሚከፈት ትንሽ ወረቀት፣ ውስጡ ስድስት አኃዝ። ያንን ካስገባን በኋላም ክፍያ የሚለቀቀው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ከ10 ወደ 100 ያለው መንገድ ነው ትዕግሥት የሚጨርሰው።

እንደ አዲስ ለሚጀምር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በግለሰብ ስም የተከፈተ የጉግል ፕሌይ አካውንት ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ለ14 ተከታታይ ቀናት የሚሞክሩለት ሰዎች ማሰባሰብ አለበት። ቁጥራቸው መጀመሪያ 20 ነበር፣ በኋላ ወደ 12 ዝቅ ብሏል። ከአሁኑ ጓደኞቻችሁን ቁጠሩ።

ቀለም በጥባጯ

ከላይ «አንዲት እህታችን» የተባልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ስሌቱን በትክክል አስቀምጦታል፣ የሥዕሉን ሥራ ግን በአንድ መስመር አለፈው።

አንዲት በቅሎ ስትራመድ ለማሳየት ስምንት ሥዕል ይፈልጋል። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ስትታይ 32 ይሆናል። ግራውን ገልብጬ ለቀኙ ብጠቀምበት 24 ነው። ጭነት ያላትና የሌላት ሲባል 48። ይህ ለአንዲት በቅሎ መራመድ ብቻ ነው፤ ስትቆም፣ ስትጠጣ፣ ወንዝ ስትሻገር፣ ስትወድቅ ያለውን አላነሣሁም። በዚያው ሳምንት አንድ ሆቴል የምግብ ዝርዝሩን እንዳሳምርለት ይጠይቀኛል፣ አንዲት ሙሽራ የጥሪ ካርድ ታዘኛለች። እነዚህ ሥራውን በተረከቡ ቀን ይከፍላሉ። በቅሎዋ መቼ እንደምትከፍለኝ አይታወቅም። ለእናቴ ይህን ማስረዳት ከሥዕሉ ይከብደኛል።

እኔ መነጋገር የምፈልገው ስለ ውል ነው። በጌም ቡድኖች ውስጥ «ሲሸጥ እንካፈላለን» ይባላል። ስንት ስንት? ከመካከላችን አንዱ መንገድ ላይ ቢወጣ ድርሻው ምን ይሆናል? ጌሙ ቢቀር ሥዕሎቼን ለሌላ ሥራ ልጠቀምባቸው እችላለሁ? በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው የመጀመሪያ ባለመብት ሠሪው ነው። እኔ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም፣ ስለዚህ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ነገ ጠብ ይወልዳል። ገንዘብ ሳይኖር ውል መፈራረም ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማን ለመፈረም ይቸኩላል? ሁላችንም ደኅና ጓደኛሞች ሳለን ነው መጻፍ ያለብን።

ቀን ሠራተኛ ማታ ጌም ሠሪ

እህቴ፣ ስለ ውሉ የጻፍሽው ተትሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይገባል።

ለሲራራ ነጋዴ ዋና ጥያቄ ግን የእኔ መልስ ይህ ነው። ሥራ ይዞ ማታ ማታ መሥራት ይሻላል። እኔ ቀን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ላፕቶፔን የገዛሁት በእቁብ ነው፤ ዕጣው ሲደርሰኝ ቤት ውስጥ ስንት የጎደለ ነገር እያለ ላፕቶፕ በመግዛቴ ቤተሰብ ተቆጥቶኝ ነበር። አሁን ግን የቤት ኪራዬ በጌሙ ላይ ስላልተንጠለጠለ ተኝቼ አድራለሁ። ሙሉ ጊዜውን ለጌም የሰጠ ሰው ሦስተኛው ወር ላይ የፍርሃት ውሳኔ መወሰን ይጀምራል። ጌሙን ሳያልቅ ያወጣዋል፣ ያገኘውን ውል ሁሉ ይፈርማል።

ሲራራ ነጋዴ

ልክ ነህ፣ ግን አንድ ነገር አስብልኝ። ማታ የምትሠራው መብራት ካለ ነው። የግልገል ግቤ ኃይል ማመንጫ ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ ነው ያለው፤ እኛ ግን ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ በጨለማ ተቀምጠን የላፕቶፕ ባትሪ እንቆጥራለን። ጄኔሬተር ያለው ካፌ ገብተን ስንሠራ ደግሞ ለሦስት ሰው ሻይና ማኪያቶ በየሰዓቱ ማዘዝ አለብን። ያም ወጪ ነው፣ ማንም በጀት ውስጥ አያስገባውም።

ከሲያትል

ሰላም ወገኖቼ። ጅማ ተወልጄ አሁን የምኖረው ሲያትል ነው፤ የቫልቭ ቢሮ ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው ውስጥ ነው ያለው። የምሠራው በሶፍትዌር ሙያ ስለሆነ የዚህን አገር ጌም ሠሪዎች በቅርብ አውቃለሁ። አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር።

ሁሉም ሰው ስታርዲው ቫሊ የተባለውን ጌም ታሪክ ያነሣል። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 አወጣው፣ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። እውነት ነው። የሚዘለለው ግን ያን ሁሉ ዘመን እንዴት እንደኖረ ነው። እዚሁ ሲያትል በአንድ ቲያትር ቤት በትርፍ ሰዓት አስተናጋጅነት ይሠራ ነበር፣ የቤቱን ወጪ ይበልጡን ትሸከም የነበረችው የፍቅር ጓደኛው ናት። «ብቻውን ሠራው» በሚባል ጌም ጀርባ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የሚያመጣ ሌላ ሰው አለ። ከፍሄድ የተባለውን ጌም ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሁለት ወንድማማቾችም ቤታቸውን አስይዘው ተበድረዋል። ጅማ ላይ ያለ የሃያ አራት ዓመት ወጣት የሚያስይዘው ቤት የለውም። ስለዚህ እነዚህን ታሪኮች ለልጆች ስንነግር ሙሉውን እንንገራቸው።

ሌላው ነገር ብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ስቲም ላይ ከ18,000 በላይ ጌሞች ወጥተዋል። በቀን ሲካፈል ወደ ሃምሳ ይጠጋል። አንድ ጌም ለማስመዝገብ የሚከፈለው 100 ዶላር ነው፣ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲደርስ ይመለሳል። ብዙ ጌሞች ያቺን መቶ ዶላር እንኳ አያስመልሱም።

የምትሠሩት ጌም ደግሞ አጭር ከሆነ ተጠንቀቁ። ስቲም ላይ አንድ ገዢ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውቶ ከሆነ ምንም ምክንያት ሳይሰጥ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ጌም ሠርታችሁ ከሆነ፣ ገዢው እስከ መጨረሻው ተጫውቶና ወዶት ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላል።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ነው የምማረው። ለሲራራ ነጋዴ ጥያቄ አለኝ። ጌሙን የምትሠሩበት ሶፍትዌር ዩኒቲ ነው ወይስ ጎዶት? ከወጪ አንጻር የቱን ትመክሩናላችሁ?

ሲራራ ነጋዴ

በዩኒቲ ነበር የጀመርነው፣ አሁን ጎዶት ላይ ነን። ምክንያቱን ልንገርህ። የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2023፣ ዩኒቲ ጌሙ በተጫነ ቁጥር ገንዘብ ሊያስከፍል እንደሆነ አስታወቀ። ከተወሰነ ገቢና የጭነት ብዛት በላይ ላለፉ ነበር፣ እኛን የሚነካ ደረጃ ላይ አልነበርንም። ዓለም ሁሉ ተቃወመው፣ መጀመሪያ አለዘቡት፣ ከዓመት በኋላ ጨርሰው ሰረዙት። ነገር ግን ሁለት ዓመት የምትሠራበት መሣሪያ ውሉን በመካከል ሊለውጥ እንደሚችል አየን። ጎዶት በነጻና በክፍት ፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ዛሬ ባወረድከው ቅጂ ላይ ነገ ማንም መጥቶ ክፍያ አይጥልብህም። በትምህርት ላይ ያለ ሰው ከዚያ ቢጀምር እመክራለሁ። ፋይሉም ትንሽ ነው፣ የኢንተርኔት ጥቅል አይጨርስብህም።

የሊሙ ነጋዴ ልጅ

እኔ ጌም ሠሪ አይደለሁም፣ ቡና ንግድ ውስጥ ነው ያደግኩት። ታናሽ ወንድሜ ጌም ስለሚሠራ ነው ይህን የማነበው። ባለፈው አንድ የውጭ አሳታሚ ውል ልኮለት አንብቤው ነበር።

አሳታሚው ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል። ጌሙ ሲሸጥ መጀመሪያ የሰጠውንና ለማስተዋወቅ ያወጣውን ሁሉ ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ክፍፍል የሚጀመረው። እኛ ዘንድ ገበሬው ጥቅምት ላይ ብር ሲቸግረው እሸት ቡናውን ከዛፍ እንደለቀመ ይሸጣል። ጀንፈሉን አድርቆ እስከ መጋቢት ቢይዘው የተሻለ ዋጋ እንደሚያገኝ ያውቃል፣ ግን የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ አይጠብቀውም። የወንድሜም ነገር ያው ነው። አትፈርም አላልኩትም። «ለማስተዋወቅ ያወጣነው» የሚለው ጣሪያ እንዲኖረውና የሽያጩን ዝርዝር በየሩብ ዓመቱ የማየት መብት እንዲጻፍለት ጠይቅ አልኩት። ጠየቀ፣ ጣሪያውን ተቀበሉት።

ስለ ምንዛሪም ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ መቶን አለፈ። በዶላር ለሚያገኝ ሰው ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ጌም ሠሪ መጀመሪያ ከፋይ ነው፣ ተቀባይ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው። ላፕቶፑ፣ የድምፅ ፋይሉ፣ የማስመዝገቢያው መቶ ዶላር ሁሉም በአዲሱ ዋጋ ነው የሚወጣው። የላፕቶፕ ዋጋ ከዚያ ሐምሌ በፊትና በኋላ ምን ያህል እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል።

የቦሳ ልጅ

ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብስ? ኪክስታርተርን የመሰለ?

ከሲያትል

ኪክስታርተር ከኢትዮጵያ ሆኖ ዘመቻ መክፈት አይፈቅድም፣ ፔይፓልም ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ ለመቀበል አያገለግልም። ውጭ ያለ ሰው በስሙ ካልከፈተላችሁ አይሆንም፤ ያ ሰው ደግሞ በአገሩ ግብር ይጠየቅበታል፣ ስለዚህ በወንድምነት ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የካሜሩኑ ኪሮ ጌምስ መንገድ ግን ሊታይ ይገባዋል። ያውንዴ ከተማ ውስጥ ሆነው ለብዙ ትንንሽ ባለሀብቶች ድርሻ እየሸጡ ካፒታል አሰባሰቡ፣ በኪክስታርተርም ጨመሩበት፣ ኦሪዮን የተባለውን ጌማቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 ስቲም ላይ አወጡ። በአገራችንም አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠዋን ዶሮ ኩኩሉን ሠርተው አውጥተዋል። በራሳችን ዓለም የተሠራ ጌም አልቆ ሊወጣ እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ እነዚህን ይመልከት።

ጌም ቤት ባለቤት

ልጆቼ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ልጄ ይህን አሳይቶኝ ነው የምጽፈው።

ስለ ዶላር ብዙ አወራችሁ። እኔ ጋ በየቀኑ ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ተሰልፈው ለአንድ ግጥሚያ ብር ይከፍላሉ። የሚጫወቱት የእንግሊዝና የስፔን ክለቦችን ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሣ ይህ ሰፈር እስከ ሌሊት ይጨፍር ነበር፤ ማሽኑ ውስጥ ግን የለም፣ ልጆቹ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጥቼ ነበር። ሕርማታ የሚባል ስም ያለበት ጌም ቢመጣ የማይነካው ልጅ የለም። ለምንድን ነው ለእኔ የማትሸጡልኝ?

ሲራራ ነጋዴ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። እውነቱን ለመናገር የፈራነው መገልበጡን ነው። ስልክ የሚጠግኑት ሱቆች ጌምና ፊልም በትንሽ ብር እየገለበጡ ይጭናሉ። አንድ ቅጂ ከተማው ውስጥ ከገባ በሳምንቱ አጋሮም ቦንጋም ይደርሳል። የከፈለ ሰው አንድ ብቻ ይሆናል።

ጌም ቤት ባለቤት

ለሱቅ የሚሸጥ ከሆነ ልክ ነህ። እኔ ግን ልግዛው አላልኩም። እኔ የምሸጠው ሰዓት ነው። ልጁ ጌሙን ቤቱ ቢኖረውም ኮምፒውተር የለውም፣ ቢኖረውም ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ስለሚፈልግ እኔ ጋ ይመጣል። በሰዓት የገባውን ጽፌ እናካፍለው።

ቀለም በጥባጯ

ጋሼ፣ ይህን ያልኩት ነገር ላይ ይጨመር፦ ከእርስዎ ጋርም በጽሑፍ ይሁን። ለእርስዎም ለእኛም ይጠቅማል። ስንት ይደርሰናል፣ መቼ መቼ ሒሳብ እንተሳሰባለን የሚለው አንድ ገጽ አይሞላም።

ቀን ሠራተኛ ማታ ጌም ሠሪ

ይህ ከአምስት ዶላሩ ይሻላል። ለአንድ ጌም ቤት ሳይሆን ለአሥር ጌም ቤት አስቡት። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ በደሌ። እኔ በሥራዬ ምክንያት ብዙዎቹን ማሽኖች አውቃቸዋለሁ፤ አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ጌማችሁ በአራት ጊጋ ራም መሥራቱን ከአሁኑ አረጋግጡ።

ከሲያትል

አስተያየት አለኝ፣ አትቀየሙኝ። ጌም ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሦስት ሰው አያኖርም። ስቲሙን አትተዉት። ጌሙን ግን አሳጥሩት። ከሕርማታ እስከ ግቤ ማዶ ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ጌም ለምን ትጨርሳላችሁ? ምን ያህል ወር መኖር እንደምትችሉ ቁጠሩና ጌሙን በዚያው ልክ ቁረጡት።

ሲራራ ነጋዴ

ትናንት ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ይህን ክር ከመጀመሪያው አነበብነው። መንገዱን እየቆረጥነው ነው። የመጀመሪያው ጌም ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ እስከ ግቤ ዳር ብቻ ይሆናል፣ መሻገሩ ለሁለተኛው ይቆያል። ያም ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያጫውት እንዲሆን የኬላዎቹን ድርድር እያሰፋነው ነው፤ ይህ አዲስ ሥዕል ስለማይጠይቅ እህታችን ላይ ሥራ አይጨምርባትም። ቀን ሥራውን በተመለከተ አንዱ ኮድ ጸሐፊያችን የትምህርት ቤት የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ተዋውሏል፣ ግማሽ ቀኑን ለዚያ ይሰጣል፣ ከሚያገኘው ላይ ለሥዕሉ በየወሩ ትንሽም ብትሆን ክፍያ ይወጣል። ይህ በውሉ ተጽፏል፣ የወጣው ገንዘብ ከሽያጩ መጀመሪያ ለእርሱ ይመለስለታል።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ጌም ቤት የሚሆነውን ቅጂ እሑድ ይዘን እንመጣለን። ምን ምን እንድናስተካክል ይፈልጋሉ?

ጌም ቤት ባለቤት

ኑ፣ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ልጆቹ ይበዛሉ። ኢንተርኔት ሳይፈልግ ይሥራ። የአማርኛውም የኦሮምኛውም ጽሑፍ ይኑርበት፣ ልጆቹ የሁለቱም ተናጋሪዎች ናቸው። ድምፁ ዝቅ የሚልበት ይኑረው፣ አጠገቤ ጎረቤት አለ። ከሁሉም በላይ መብራት ሲጠፋ ልጁ የደረሰበት ቦታ እንዳይጠፋበት አድርጉት፤ እንደገና ከጅሬን ጀምር ቢባል ገንዘቤን መልስ የሚለው እኔን ነው።